ሚሞሪ ካርዱ «ፎርማት ይደረግ?» ሲል



በስልካችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ይኖር ይሆናል። ስልኩ አንድ ቀን «ካርዱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉ።

ካርድ እንደ መጽሐፍ ማውጫ አለው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማውጫው ነው፤ ገጾቹ በቦታቸው አሉ። ከካርዱ በስሕተት የተሰረዘ ፎቶግራፍም ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

ስለዚህ፦
1. በካርዱ ላይ ፎቶ ማንሳት አቁሙ።
2. ስልኩን አጥፍታችሁ ካርዱን አውጡ፤ ወርቃማውን ጎን በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ መልሱት።
3. እምቢ ካለ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ባለው ኮምፒውተር ይሞከር።
4. የተገኘውን በኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ እንጂ በዚያው ካርድ ላይ አትመልሱት።

ካርድ ያረጃል። አስፈላጊ ሰነድ ምንጊዜም በሁለት ቦታ ይቀመጥ።