መሰናክል አልዘልም ያለ ፈረስ

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲሉ አበው የተረቱት ችሎታ አለኝ ባይ ሁሉ በተግባር ይፈተን ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው ተዘጋጅቶ፣ ፈረሰኛውም ከኮርቻው ላይ ተደላድሎ ሳለ ፈረሱ ራሱ አሻፈረኝ ያለ እንደሆነ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ተረቱ አይነግረንም። በፈረሰኛነቱ ለሚታወቀው ለአገራችን ሕዝብ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። እኛም መልሱን ፍለጋ በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ርእሰ ከተማ ወደ ናይሮቢ እንሻገራለን።

ከናይሮቢ መካከል ተነሥቶ በንጎንግ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ የጃምሁሪን የትርኢት ሜዳ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተውን የንጎንግ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ፣ ከዚያም ካረን የተባለውን ባለ ሰፋፊ ግቢ ሠፈር ያገኛል። በንጎንግ ሜዳ የሚሽቀዳደሙት ፈረሶች ቶሮብሬድ የተባለው ዘር ናቸው። ይህ ዘር ለፍጥነት ብቻ ተመርጦ በእንግሊዝ አገር የተዳቀለ፣ ደመ ፍሉና ቶሎ ደንጋጭ ነው። ዕድሜው የገፋ ወይም ፍጥነቱ ያነሰ ፈረስ ከእሽቅድድም ሲሰናበት ብዙውን ጊዜ ለግልቢያ ትምህርት ቤት ይሸጥና መሰናክል መዝለል እንዲማር ይደረጋል።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈውና ለፈረስ ገዳይ የሆነው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በአካባቢው ስለሚገኝ፣ ከኬንያ ወደ አውሮፓ ፈረስ ለማውጣት ጥብቅ ገደብ አለ። ለዝላይ የሠለጠነ ፈረስ ከባሕር ማዶ ማስመጣትም ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ የናይሮቢ ፈረሰኛ ባለው ፈረስ መሥራት ግዴታው ሲሆን፣ ፈረሱ እምቢ ባለ ጊዜ ሌላ ለውጬ ልምጣ ማለት አይቀለውም። በሌላ በኩል ደግሞ አልዘልም ያለ ፈረስ ገዢ ስለማያገኝ፣ ለፈረሱ ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ማለዳ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው ተገኝተን ነበር። አንዲት ወጣት አንድ ዳማ ፈረስ በደንገላሳ እየጋለበች ከጉልበት እምብዛም ከፍ ወደማይል አግዳሚ እንጨት አመራች። ፈረሱ እደርሳለሁ ሲል የፊት እግሮቹን ተክሎ ቀጥ አለ። ሁለተኛም ሲሞከር እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ወደ ግራ ሲያፈነግጥ ልጅቱ በአንገቱ ላይ ተሻግራ ወደቀች። ጉዳት አልደረሰባትም። የፈረሱ ባለቤት ግን በዚህ ሳምንት ካልዘለለ እንደሚያሰናብተው ሲናገር ሰማን። እኛም ከአጥሩ ውጭ ሆነን «የጠፋው አለንጋ ነው» መባባላችን አልቀረም።

ስሕተታችንን ያረመልን ሁሉም በስዋሂሊ የአክብሮት መጠሪያ «ምዜ» የሚሉት አንድ አረጋዊ የፈረስ አሳዳሪ ነበሩ። እኒህ ሰው ፈረሱን ወደ ጥላ ወስደው ኮርቻውን አወረዱና በጣቶቻቸው ከሻኛው አንሥተው የጀርባውን ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ዳሰሱ። ከአንድ ስፍራ ሲደርሱ ፈረሱ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባውን አሰረገ። የኮርቻው እንጨት ይቆረቁረው ኖሯል። ሦስት ጊዜ የተናገረውን የሰማው አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው መሰናክልን እምቢ ማለት በራሱ ዐመፅ ሳይሆን የሌላ ነገር ምልክት ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ሕመም ሲሆን፣ ይኸውም የጀርባ፣ የእግር፣ የሰኮና ወይም የጥርስ ሊሆን ይችላል። በናይሮቢ ደቡባዊ ሜዳዎች ያለው መረሬ አፈር በዝናብ ወራት የሚያዳልጥ፣ በበጋ ደግሞ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ነው። ዘሎ በወረደ ቁጥር እግሩን ያመመው ፈረስ፣ ሕመሙን ከመሬቱ ጋር ሳይሆን ከእንጨቱ ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከፈረስ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን በሙሉ ሊያይ ጥቂት ይቀረዋል። ነገር ግን ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ በመጨረሻው እርምጃ ላይ የሚዘለው ቀደም ሲል ያየውን በማስታወስና በጋላቢው በመተማመን ነው። በዚያች ቅጽበት ዛቡ ተስቦ ራሱን እንዳያንቀሳቅስ ከተከለከለ፣ ዓይኑን በጨርቅ እንደ መሸፈን ይቆጠራል። ቀለማትንም እንደ ሰው ለይቶ አያይም። ብርቱካናማው ቀለም ከሣሩ ጎልቶ እንደማይታየው በጥናት በመረጋገጡ፣ በብሪታንያ የእሽቅድድም ሜዳዎች የመሰናክሎቹን ብርቱካናማ ምልክት በነጭ የመተካት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀምሯል።

ሦስተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ምክንያት ጋላቢው ራሱ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ፈረሰኞች መሰናክል ሲዘሉ ወደ ኋላ ተለጥጠው ዛቡን ይስቡ ነበር። ፈረሱም በዘለለ ቁጥር አፉ በልጓም ይቀደድ፣ ወገቡም ይመታ ስለነበር ዝላይን መጥላቱ አያስደንቅም። ይህንን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1907 የሞተው የጣሊያን ፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ነው። ካፕሪሊ ጋላቢው እርካቡን አሳጥሮ ወደ ፊት እንዲያዘነብልና ለፈረሱ አንገት ነፃነት እንዲሰጥ አስተማረ። ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በሌላው ዓለም የሚሠራበት አቀማመጥ ከርሱ ትምህርት የመነጨ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በቅድሚያ ፈረሱ በእንስሳት ሐኪም ይመርመር፤ ኮርቻውና ልጓሙም ይፈተሽ። ሕመም ከሌለበት መሰናክሉን ዝቅ ማድረግ ይገባል። አንድ እንጨት በመሬት ላይ ይጋደምና ፈረሱ በእርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ይለፍበት። ያንን ሲለምድ ሁለት እንጨቶች በመስቀል ቅርጽ ዝቅ ብለው ይቁሙለት፤ ቢቻል ረጋ ያለ ሌላ ፈረስ ከፊቱ ይምራው። በቆመ ጊዜ አዙሮ መሸሽን አለማስለመድ፣ ይልቁንም እዚያው እንዳለ እንጨቱን አሳንሶ ማሻገር ይበጃል። ባለፈ ጊዜ አንገቱን ደባብሶ የዕለቱን ሥራ በዚያው መፈጸም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አለንጋን በተመለከተ፣ ፈረሱ ከቆመ በኋላ ዘግይቶ የሚያርፍበት ምት የሚያስተምረው መሰናክል ባለበት ስቃይ እንዳለ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብም አለንጋ የጋላቢ ቁጣ መወጫ እንዳይሆን ይከለክላል። በዚሁ ደንብ መሠረት በዝላይ ውድድር የመጀመሪያው እምቢታ 4 የቅጣት ነጥብ ሲያስከትል፣ ሁለተኛው ከውድድር ያስወጣል። ቅጣቱ የሚጻፈው በፈረሱና በጋላቢው ስም በአንድነት መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ግቢ ተመልሰን ነበር። ዳማው ፈረስ ገና አልተሸጠም። የጀርባው እብጠት ጠፍቶ ሌላ ኮርቻ ተጭኖለት ልጅቱ በመሬት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ታሻግረው ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ቆሞ አሸተተው፤ ከዚያም እግሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ አለፈ። አረጋዊው አሳዳሪ ወዲያውኑ ኮርቻውን አውርደው ወደ ሣሩ ለቀቁት። ገና ወደ ጉልበት ከፍታ አልደረሰም። ባለቤቱ ግን ስለ መሸጥ አላነሣም።

የእኛ አገር ጀግኖች በፈረሳቸው ስም የሚጠሩ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ብሎ የጠራ ሕዝብ ፈረስን ከክብር ጋር ያያይዝ ነበር። ዛሬም በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያን ክብር ያድሳሉ። በየከተማው ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ግን ከዚህ ክብር የደረሰው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ዳገት ላይ ቆሞ አልሄድም ሲል አለንጋ ይወርድበታል እንጂ ደረቱ በማነቂያው ተልጦ እንደሆነ፣ ሰኮናው ተሰንጥቆ እንደሆነ ወርዶ የሚያይለት ብዙ አይደለም። ከናይሮቢው አረጋዊ የተማርነውን ለመፈጸም የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ትዕግሥት ነው። ፈረሱ እምቢ ባለ ጊዜ አለንጋው ከመነሣቱ በፊት እጅ ጀርባውን ይዳስስ እንላለን።