ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር... ሌላው ሙያ የት ገባ?

‹‹ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?›› ሲባል የሰፈራችን ልጅ ሁሉ መልሱ ያው ነው። ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር! ‹‹ቧንቧ ሠራተኛ›› ያለ እንደሆን እናት ትደነግጣለች። የቤቷ ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ግን ያንኑ ባለሙያ ለምና፣ የጠየቀውን ከፍላ ነው የምታስገባው።

ንቀቱ የቆየ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ስንት ስድብ ችለው ኖረዋል! ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ አመሉ ግን አልለቀቀንም። የ10ኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ጊዜም ቴክኒክና ሙያ የሚላከው ለመሰናዶ ነጥብ ያልመጣለት ስለነበር፣ ቦታው የ‹‹ወዳቂ›› ማረፊያ ተደርጎ ታየ።

እስኪ ሒሳቡን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2015ም አልተሻለም። ለአንዳንዶቹ የማካካሻ ትምህርት ዕድል ቢሰጥም፣ የቀረው ወዴት ይሂድ? 12 ዓመት ሙሉ ሌላ በር ያላሳየነው ልጅ አንዱ ሲዘጋበት ዕጣው ድንጋይ ማሞቅ ነው።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ አውቃለሁ። የተበላሸች ሬዲዮ ፈታ፣ መልሳ ገጥማ አናገረቻት። አባቷ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹‹ይሄን ትተሽ ደብተርሽን ያዢ!›› ጎበዝ፣ ከዚህ በላይ ምን ደብተር አለ?

ደግነቱ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። ዕድሜው ልክ ነው። ይሁንና መፍቻ በእጁ ሳይዝ ስለ መፍቻ የተፈተነ ልጅ ሙያ አወቀ አይባልም። እዚህ ላይ ነው ታላቅ ወንድምና እህት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን የምታስፈልጉት። አንድ ቅዳሜ ታናሻችሁን ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ወይም ልብስ ስፌት ቤት ውሰዱ። ለማየት ነው እንጂ ለጉልበት ሥራ አይደለም! ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሥራውን የት ተማርከው? ምኑ ይከብዳል? ከትምህርት ቤት የትኛው ትምህርት ጠቀመህ? አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያ ሲያስተምር የኖረውን ተግባረ ዕድን ንገሩት። እህቶቻችሁንም አትርሱ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ወንድና ሴት አይለይም።

ዶክተር መሆን ከፈለገ እሰየው፣ ይሁን! ብቻ አይቶ፣ አወዳድሮ ይምረጠው፤ ሌላ ስላላየ አይሁን።