መቀሱን አስቀምጪው!

መልሱ ነገ ነው፤ ትርፍ ጨርቅ የለም። የእህቴን ቀሚስ ማንገቻ ሰፍቼ ልገለብጠው መቀስ ባስገባበት ጫፉን ቦጨቅኩት!

እንባዬን ያዩ ጎረቤታችን፣ «ምን ነካሽ ልጄ? መቀስ ለመቁረጫ እንጂ ለመገልበጫ ማን አለሽ?» ብለው ሳቁ።

የተቦጨቀውን ቆርጠው ጫፉን በስፌት ደፈኑት። ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ሁለቱንም ጫፍ ከፍተው፣ በማንገቻው ውስጥ እስከተደፈነው ድረስ አስገቡት። ከዚያ የተደፈነውን ጫፍ ባልሾለ ቀጭን እንጨት ከውጭ ወደ ቀፎው ገፋ፣ ገፋ ሲያደርጉት ጨርቁ ተገልብጦ በወዲያኛው በኩል ብቅ!

ቀፎ የማያስገባ ጠባብ ከሆነባችሁስ? መርፌ ቁልፍ ጫፉ ላይ ሰክታችሁ በውስጡ ማሳለፍ ነው።

ሌላውንም ማንገቻ በዚያው ልክ አሳጠርነው። እህቴ እስከ ዛሬ አልነቃችም፤ እንግዲህ ይህን ስታነብ ትንቃ!