ለሞዴል ባቡር የመጀመሪያውን ዲጂታል መቆጣጠሪያ ስትገዙ፦ የቱ አብሯችሁ ይቆያል? የቱስ ይጣላል?

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሱቆች መስኮት ላይ ትንንሽ ባቡሮች መዞር ይጀምራሉ። ልጁ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አልሄድም ይላል። አባትየው ደግሞ "ለልጁ ነው" እያለ ለራሱ ይገዛል። እኛም ከዚህ አላመለጥንም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ካርቶኑ ላይ "ዲጂታል" የሚለው ሲነበብ ነው። ከጎኑ ዲጂታል ያልሆነው በረከሰ ዋጋ ተቀምጧል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ከሁለት ዓመት በኋላስ አውጥተን ጥለነው ሌላ እንገዛለን ወይ?

ከመነሻው እንነሳ። በድሮው አሠራር መቆጣጠሪያው ሐዲዱ ላይ የሚለቀውን ቮልት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀላል ነው። ግን ሁለት ሎኮሞቲቭ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። አንዱን አቁሞ ሌላውን ለመንዳት ሐዲዱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ነው።

በዲጂታሉ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኮረንቲ አለ፣ በተለመደው የኤችኦ መጠን 15 ቮልት ገደማ። ትእዛዙ በዚያው ኮረንቲ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ሆዱ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰርኪዩት አለው፤ ዲኮደሩም የራሱ ቁጥር አለው። ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪው ሲጣራ ሁሉም ሾፌር ይሰማል፣ የሚንቀሳቀሰው ግን የተጠራው ብቻ ነው። ይሄም እንደዚያ ነው። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 3 ነው፤ እናንተ የፈለጋችሁትን ትሰጡታላችሁ።

አሠራሩ ዲሲሲ ይባላል። የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ በሠራው ላይ ተመሥርቶ ደረጃ ያወጣለት የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ። አሁን ልብ በሉ፣ ገንዘባችሁን የሚመለከተው እዚህ ጋ ነው። ደረጃው የሚገዛው ከዋናው ሣጥን በሐዲዱ በኩል እስከ ዲኮደሩ ያለውን ንግግር ነው። ስለዚህ የአንዱ ድርጅት ዲኮደር በሌላው ሣጥን ይታዘዛል። በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ከሣጥኑ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ግን እያንዳንዱ ድርጅት እንደፈለገ ሠራው። ዲጂትራክስ ሎኮኔት ይላል፣ ሌንዝና ሮኮ ኤክስፕረስኔት ይላሉ፣ ኤንሲኢ ደግሞ የራሱ አለው።

ይህ ምን ማለት ነው? ለዲኮደር ያወጣችሁት ገንዘብ አይጠፋም፤ ሣጥኑን አሥር ጊዜ ብትቀይሩ ሎኮሞቲቮቻችሁ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። የእጅ መቆጣጠሪያው ግን ሣጥኑን ተከትሎ ይቀራል። የመጀመሪያውን ሣጥን ስትገዙ ሰፈር እየመረጣችሁ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ስንት ፉርጎ አለ ከማለት በፊት፣ ይህ ሣጥን ሁለተኛ የእጅ መቆጣጠሪያ ይቀበላል? ተጨማሪ ኃይል ይቀበላል? ኮምፒውተር ላይ ይሰካል? ብላችሁ ጠይቁ። ለሦስቱም መልሱ "አይ" ከሆነ የገዛችሁት መጫወቻ ነው። መጫወቻ ነውር የለውም፣ ግን በመጫወቻ ዋጋ ይሁን።

አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እሱን እኛ በራሳችን ላይ ደርሶ ነው የተማርነው። ዲኮደር ውስጥ ሲቪ የሚባሉ ቅንብሮች አሉ (ሥራ ስንፈልግ የምናስገባው ሲቪ አይደለም)። ሲቪ 1 ቁጥሩ ነው፣ ሲቪ 3 ሲነሳ ቀስ እንዲል፣ ሲቪ 4 ሲቆም ቀስ እንዲል ያደርጋል። መጀመሪያ የገዛነው ርካሽ ሣጥን ዲኮደሩ ላይ መጻፍ እንጂ ከዲኮደሩ ማንበብ አይችልም ነበር። እና አንድ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ ገዛን፣ አዲስ ቁጥር ሰጠነው፣ ሐዲዱ ላይ አስቀመጥነው። ንቅንቅ አላለም። ደግመን ጻፍን፣ ጎማውን ጠረግን፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ብለን ተስፋ ቆረጥን። ሁለት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ማንበብ የሚችል ሣጥን ያለው ወዳጃችን ጋ ወሰድነው። ሲቪ 19 ላይ ቁጥር ተጽፎበት ተገኘ። የቀድሞ ባለቤቱ ከሌላ ሎኮሞቲቭ ጋር ደርቦ ይነዳው ነበርና፣ ዲኮደሩ አሁንም የጥንዱን ቁጥር እየጠበቀ የራሱን ጥሪ አልሰማ ብሏል። ሲቪ 19ን ዜሮ አደረግነው፣ ተነስቶ ሄደ። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሣጥን ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው አይመከርም ባዮች ነን።

ለጀማሪ በብዛት የሚነሱትን እንይ። የኤንሲኢው ፓወር ካብ 2 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ስክሪኑ በቃላት ስለሚያናግር ለጀማሪ ደስ ይላል፣ ሲያድጉም ባለ 5 አምፔሩን ስማርት ቡስተር ይቀበላል። ግን የእጅ መቆጣጠሪያው ራሱ ዋናው ሣጥን ስለሆነ ቡስተሩ ሳይገባ ገመዱን ከነቀላችሁ ሁሉም ይቆማል። የዲጂትራክሱ ዚፈር ኤክስፕረስ 3 አምፔር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተር ላይም በቀጥታ ይሰካል። አውሮፓ ያላችሁ በሮኮ ካርቶኖች ውስጥ ነጩን ዜድ21 ስታርት ታገኛላችሁ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በስልክ ለማዘዝ የመክፈቻ ኮድና ራውተር ለብቻው እንደሚገዛ አስቀድማችሁ እወቁ።

እጁ ሥራ የማይፈራ ደግሞ ዲሲሲ-ኢኤክስን ይመልከት። አርዱዊኖ ሜጋ ሰሌዳ፣ በላዩ ሞተር ሺልድ፣ ሶፍትዌሩ በነፃ። ምህንድስና የሚማር ልጅ ቤት ካለ ግማሹ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሲቪ ያነባል፣ ዋይፋይ ከተጨመረበት በስልክ ይታዘዛል። ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ራሳችሁ ናችሁ።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው "ዲሲሲ ሬዲ" የሚለው ጽሑፍ ነው። ዲኮደር አለው ማለት አይደለም፤ መሰኪያው አለ፣ ዲኮደሩን ግዙ ማለት ነው። ሁለተኛው ጀርመን ያላችሁን ይመለከታል፦ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ የሜርክሊን ኤችኦ ሞልቷል። እሱ ከሐዲዱ መሃል በሦስተኛ መስመር ኮረንቲ የሚወስድ ነው፤ ሎኮሞቲቩን በሌሎች ባለሁለት መስመር ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡት ሾርት ያደርጋል። ሦስተኛው፣ ዲኮደር የሌለውን የድሮ ሎኮሞቲቭ ዲጂታል ሐዲድ ላይ አታቁሙት። ቆሞም ይጮኻል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አንዳንዱ ሞተር ጭራሽ ይቃጠላል። ዲኮደር ልግጠምለት ካላችሁም ሞተሩ ከሐዲዱና ከብረት አካሉ ጋር ምንም እንዳይገናኝ መለየት አለበት፤ አለዚያ ዲኮደሩ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ያልቃል።

ወደ ማሳደጉ እንለፍ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ብዙ ሰው ሣጥኑን ይወነጅላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቆሸሸ ሐዲድ ወይም የሳሳ ሽቦ ነው። ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቀኝና ግራው ይገጫጫል፤ ባቡሩ መገናኛው ላይ በደረሰ ቁጥር ሾርት ነው። መድኃኒቱ አውቶ ሪቨርሰር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት፣ አዲስ ሣጥን አይደለም።

እኛ ብንሆን መጀመሪያ ገንዘቡን የምናውለው ጥሩ ዲኮደር ላይ ነው፤ የባቡሩ አነሳስና አቋቋም ወዲያው ይለወጣል። ቀጥሎ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ካሉ። ለዚህም መሳቢያ ውስጥ የተኛችው ስክሪኗ የተሰነጠቀ ስልክ ትበቃለች፦ ጄኤምአርአይ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ከሣጥኑ ጋር ይገናኛል፣ ስልኳ ላይ ኤንጂን ድራይቨር የተባለው ነፃ አፕ ይገባል፣ አለቀ።

ተጨማሪ አምፔር መጨረሻ ይምጣ። ዘመናዊ የኤችኦ ሎኮሞቲቭ በደህና ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚበላው፤ 2 አምፔር ለሦስት አራት ባቡር ይበቃል። 5 አምፔር በ15 ቮልት ማለት 75 ዋት ነው፣ ከብዙ የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ ይበልጣል። ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ሲያደርግ ያ ሁሉ ኃይል ጎማዋ ላይ ካረፈ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ቡስተር የገባበት ቤት ሐዲዱን ከፋፍሎ ለየክፍሉ ብሬከር ማድረግ አለበት። መፈተሻው ቀላል ነው። ከሣጥኑ በጣም ሩቅ የሆነው ቦታ ላይ ሁለቱን ሐዲድ በሳንቲም አገናኙ። ሣጥኑ ወዲያው ኮረንቲውን መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ሳንቲሙን አንሱና ከሐዲዱ ሥር ወፈር ያለ ሽቦ ዘርጉ፤ በየሜትሩ ገደማም ከሐዲዱ ጋር አያይዙት።

ዕቃውን አዲስ አበባ ለምትልኩ፦ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "100-240" ካለ በሰላም ይሰካል። አሜሪካ የተገዛና "120" ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ መውጫው ተመሳሳይ ቮልትና አምፔር የሆነ ሌላ አዳፕተር ያስፈልጋል። መብራት ቢሄድ አትስጉ፣ ዲኮደሩ ቁጥሩን አይረሳም። ለገሃርንና የድሮውን የጅቡቲ ባቡር በትንሹ ልሥራ የምትሉ ደግሞ ሐዲድ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ያዙ፦ የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በ1፡87 ልክ የሚመጣው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ነው፣ የስዊዝ ተራራ ባቡሮችን የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት። የተለመደው ባለ 16.5 የሚስማማው ለአዲሱ መስመር ነው። መቆጣጠሪያው ለሁለቱም ያው ነው።