ፈረስ በድንገት ሲታመም፦ ሐኪም እስኪደርስ

ፈረስ ሕመሙን ችሎ የሚቆም እንስሳ ነው። ዘሩ በሜዳ ላይ አውሬ ሲያድነው የኖረ በመሆኑ ደክሞ መታየት ያስበላዋል፤ በጋጥ ታስሮ ቢያድርም፣ ጋሪ ቢጎትትም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም። ባለቤቱ ሕመሙን ልብ ሲል ነገሩ ብዙ ጊዜ ገፍቶ ይገኛል። ቀድሞ ለመንቃት የሚረዳው ፈረሱ ደህና በነበረበት ቀን ልኩን አውቆ መያዝ ነው።

ያረፈና ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱም በፊንጢጣ ሲለካ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የልብ ምቱን ለመቁጠር በመንጋጋ አጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚያልፈውን የደም ሥር በጣት ዳስሶ ለ15 ሰከንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ይበቃል። የጤነኛ ፈረስ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ አለው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ መልኩ ይመለሳል። የነጣ፣ የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ድድ የከባድ አደጋ ምልክት ነው።

ፈረስን በድንገት ከሚገድሉት ሕመሞች ቁርጠትን የሚያህል የለም። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ጡንቻም እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ፈረስ አያስመልሰውም። ጋዝ ቢነፋው ወይም ምግብ ቢከማችበት በላይ በኩል መውጫ የለውም። ረጅሙ አንጀቱም በቀላሉ ይታጠፋል፣ ይዘጋል። በከተማ የሚውሉ የጋሪ ፈረሶች ከቆሻሻ ጋር የሚውጡት ፌስታልና ገመድ ደግሞ ለዚህ መዘጋት አንዱ ምክንያት ነው። ቁርጠት የያዘው ፈረስ መብላት ይተዋል፤ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፤ ዞሮ ጎኑን ያያል፤ ያልበዋል፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል። ፋንድያው ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል።

በዚህ ጊዜ መኖውን ሁሉ ማንሳትና ፈረሱን ድንጋይና ሽቦ ወደሌለበት ሜዳ ማውጣት ተገቢ ነው። መንከባለል ካበዛ ለጥቂት ደቂቃ ቀስ አድርጎ ማራመድ ይጠቅማል፤ እስኪዝል መንዳት ግን ያለ የሌለ አቅሙን ይጨርስበታል። ጸጥ ብሎ ከተኛም መተው ይሻላል። በጠርሙስ ዘይት ማጠጣት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ከገባ ፈረሱን የሚገድለው ቁርጠቱ ሳይሆን መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ነገር ይሆናል። ሐኪም ዘይት የሚሰጠው በአፍንጫ በኩል እስከ ጨጓራ በሚደርስ ቱቦ ነው። ሆድን በጋለ ብረት መተኮስም በሕመም ላይ ሕመም ከመጨመር በቀር ለታጠፈ አንጀት የሚፈይደው የለም። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 ካለፈ ጊዜ አይሰጥም። ሲንከባለል የነበረ ፈረስ በድንገት ጸጥ ብሎ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀውም ተሻለው ብሎ መደሰት አይገባም፤ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።

ከአፍና ከአፍንጫ ምራቅ የተቀላቀለበት ምግብ የሚዝረከረክ ከሆነ ፈረሱ ታንቆ ይሆናል። የተዘጋው የምግብ ቧንቧው ስለሆነ መተንፈስ ይችላል፤ መኖና ውሃ ከልክሎ፣ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ አድርጎ ሐኪም መጥራት ነው። እጅን አፉ ውስጥ መክተት ግን ክልክል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ምራቁን የሚያዝረበርብ ፈረስ በዚያው በሽታ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ቁስል ከቁርጠት ይልቅ በቶሎ ይታያል፤ ደሙም ሰውን ያስደነግጣል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወደ 20 ሊትር ደም ስላለው ጥቂት ጭልፋ ቢፈስ አይሞትም። ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ መጫን፣ ጨርቁ ቢርስ ሌላ መደረብ ነው። አመድ፣ ቡናና ነዳጅ ቁስሉን ያበላሹታል። በአንጓ አጠገብ ያለ ቁስል ቢያንስም፣ የተጎዳ ዓይንም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ኮቴ ውስጥ የገባ ሚስማር ሐኪም ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ባለበት ቢቆይ ይመረጣል፤ ፈረሱ እየረገጠ የሚያስገባው ከሆነ ግን ነቅሎ የገባበትን ቦታና ጥልቀት ምልክት ማድረግ ይገባል። መንጋጋ ቆልፍ ፈረስን ክፉኛ የሚያጠቃ በሽታ በመሆኑ ክትባቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ቀትር ላይ ጭነት የሚጎትት ፈረስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቢንገዳገድ ከጋሪው ፈትቶ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስና ማጠጣት ያድነዋል። ቀዝቃዛ ውሃ የሞቀ ፈረስን ይጎዳል የሚለው አሮጌ እምነት ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የአትላንታ ኦሊምፒክ ጋር በተያያዘ የተደረጉ ጥናቶች ውሃው እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ገብስ ሰርቆ የጠገበ ፈረስም ደህና ቢመስልም ይታከም፤ ቆይቶ ኮቴው ውስጥ እብጠት ይነሣና መራመድ ያቅተዋል።

ክረምቱ ሲያበቃ ትንኞች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይመጣል። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠ፣ ትንፋሹ ከከበደና ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ጉዳዩ የአንድ ባለቤት ብቻ አይደለም። ፈዋሽ መድኃኒት ስለሌለው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቶሎ ማሳወቅ ይገባል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

የምትወልድ ባዝራ ምጧ ከጠናና ሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወለደች እርዳታ ትፈልጋለች። ውርንጭላው በ1 ሰዓት ውስጥ ሊቆም፣ በ2 ሰዓት ሊጠባ፣ የእንግዴ ልጁም በ3 ሰዓት ሊወጣ ይገባል።

ሕመም የያዘው ገራም ፈረስም ይራገጣልና የሚረዳው ሰው ከኋላው ሳይሆን ከትከሻው አጠገብ ይቁም። ሐኪም ሲደውሉለት የልብ ምቱን፣ ሙቀቱን፣ የድዱን መልክ፣ መጨረሻ የበላበትንና ፋንድያ የጣለበትን ሰዓት፣ የተሰጠውንም መድኃኒት ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩት። ስልክ ቁጥሩ ዛሬውኑ ይያዝ።