ክንዱ ሲረዝም ወጪው ይገዝፋል
የጭነት ማንሻ ብረት ከመግዛት በፊት ሜትሩን መለካት

በዓለም ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ በመጋዘኑ ፎቅ ላይ የጭነት ማንሻ ብረት ለማስተከል ቢነሳ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የብረቱን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ብረቱ ከግድግዳው ስንት ሜትር ይውጣ? ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ የሚደርስ ብረት ልኩ ካልሆነ ሁለተኛ የመኪና ኪራይ ያስከፍላል። ቀጭን ሆኖ ከተተከለ ደግሞ ዕዳው የሰው ሕይወት ነው።

አንድ ጫፉ ከሕንፃው ጋር ታስሮ ሌላው በአየር ላይ የሚቀረውን ቢም መሐንዲሶች ካንቲሊቨር ይሉታል። ይህን ብረት የሚያጥፈው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ በክንዱ ርዝመት ተባዝቶ ነው። 10 ኩንታል ጤፍ፣ ማለትም 1 ቶን፣ በ1.5 ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ሥሩ ላይ 1.5 ቶን ሜትር ያርፋል። ጭነቱ ሲነሳና ሲቆም ለሚፈጥረው ንቅናቄ 25 በመቶ ሲጨመር ወደ 1.9 ይጠጋል።

ለተለመደው የግንባታ ብረት በካሬ ሴንቲ ሜትር 1,600 ኪሎ ግራም ጫና ቢፈቀድ፣ የብረቱ የመታጠፍ መቋቋሚያ ቢያንስ 117 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። «አይፒኢ 160» የሚባለው ብረት ያለው 109 ስለሆነ አይበቃም። ቀጣዩ «አይፒኢ 180» 146 ስላለው ይበቃል።

ክንዱ 3 ሜትር ቢሆንስ? የማጠፍ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ለጥንካሬ «አይፒኢ 220» ይበቃል፤ ይሁንና ጫፉ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የርዝመቱ 1/250ኛ እንደ ገደብ ቢያዝ የሚፈቀደው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ምክንያቱም በአንድ ዓይነት ብረት ላይ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የጫፉ መውረድ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «240» መግዛት ግድ ነው። በኪሎ ሲሰላ፣ የመጀመሪያው ክንድ 28 ኪሎ ሲመዝን ሁለተኛው 92 ኪሎ ይደርሳል። ርዝመቱ እጥፍ፣ ብረቱ ከሦስት እጥፍ በላይ!

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው መዘውር ነው። ሠራተኞች መሬት ላይ ቆመው በአንድ መዘውር ገመድ ሲስቡ ጭነቱም የእነርሱም ጉልበት ጫፉ ላይ ስለሚያርፍ 1 ቶኑ 2 ቶን ይሆናል። በሰንሰለት ማንሻ ሲነሳ ግን ይህ ጭማሪ እጅግ ያንሳል።

ሁለተኛው የኋላ ማሰሪያው ነው። ብረቱ ወደ ውስጥ የገባው 1 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በ1.5 ሜትር ክንድ ላይ ያለው 1 ቶን የኋላውን ጫፍ በ1.5 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወደ ውስጥ 3 ሜትር ከገባ ግን ግፊቱ ግማሽ ቶን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ብረቱ ሳይሆን ግድግዳው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለዋጋ ድርድር እንጂ ለተከላ አይበቁም። ቢሙ ወደ ጎን እንዳይጠመዘዝ፣ ብየዳውና ብሎኑም እንዲችሉ ማረጋገጥ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የአገሪቱ የብረት ግንባታ ኮድ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2015 በአውሮፓው ኮድ መሠረት ተተክቷል። ከመሐንዲስ ክፍያ የሚቆጥብ ነጋዴ ግን ክንዱን በማሳጠር ቢቆጥብ ይሻለዋል፤ መኪናው ወደ ግድግዳው በተጠጋ ቁጥር ብረቱ ይቀላል፣ ገንዘቡም ኪስ ውስጥ ይቀራል።