«ኔጌቲቭ» ከተባልን በኋላ

የፒሲአር ምርመራ ውጤት በስልክዎ ሲደርስዎ ዓይንዎ የሚፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ «ኔጌቲቭ»። እኔም በ2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ይህችን ቃል አንብቤ እፎይ አልኩ። አብራኝ ምሳ የበላች ባልደረባዬ ኮቪድ-19 እንደያዛት ስትነግረኝ በማግሥቱ ተመርምሬ ነበርና ስኳር ያለባት እናቴ ቤት ሄጄ በዓሉን አብሬያት ዋልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳት ጀመረኝ። እናቴም ታመመች፤ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልተነሣችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

ያኔ ላቦራቶሪውን አማርሬ ነበር። በኋላ ግን ስጠይቅና ሳነብ የተሳሳተው ላቦራቶሪው ሳይሆን እኔ የተመረመርኩበት ቀን መሆኑ ገባኝ።

ፒሲአርን እ.ኤ.አ. በ1983 የፈጠረው አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ ነው፤ በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። መሣሪያው በናሙናው ውስጥ የሚፈለገውን የቫይረስ ዘረመል ካገኘ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛዋል። አንዲት ቅንጣት ከ30 ዙር በኋላ ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ስለዚህ ጥቂት ቫይረስ እንኳ አያመልጠውም። በናሙናው ውስጥ የሌለውን ግን ሊያገኝ አይችልም።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪራባ ቀናት ይፈጃል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ትንተና፣ በቫይረሱ ከተያዙ 100 ሰዎች መካከል ምልክት በሚጀምርበት ቀን፣ ማለትም በአምስተኛው ቀን ገደማ፣ 38ቱ «ኔጌቲቭ» ሊባሉ ይችላሉ። በስምንተኛው ቀን ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል። በተጋለጡ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ምርመራው ማንንም አይለይም ማለት ይቻላል። የአፍንጫ ናሙና በሚገባ ካልተወሰደም ውጤቱ ያሳስታል።

ተቃራኒውም አለ። ካገገሙ ከሳምንታት በኋላ የሞተ ቫይረስ ርዝራዥ «ፖዘቲቭ» ሊያሰኝዎ ይችላል። ምርመራው «የቫይረሱ ዘረመል አለ ወይ?» ለሚለው እንጂ «ሰው ላይ አስተላልፋለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አይመልስም።

ታዲያ ፒሲአር አይታመንም ማለት ነው? በፍጹም። ኤችአይቪ ከደማቸው ውስጥ ካለ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት በጊዜ የሚመረመሩት በእሱ ነው፤ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም ውስጥ ስለሚቆይ የተለመደው ምርመራ አይለየውምና። መሣሪያው ታማኝ ነው፤ ጥያቄውን በትክክለኛው ጊዜ መጠየቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ከታመመ ሰው ጋር ከዋሉ ቢያንስ አምስት ቀን ይጠብቁ። ምልክት ካለብዎ «ኔጌቲቭ» ቢባሉም ከአረጋውያንና ከሕመምተኞች ይራቁ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ምርመራውን ይድገሙ። ካገገሙ በኋላ «ፖዘቲቭ» ከተባሉ ከመደንገጥዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

እናቴ አሁን በዓል ሲደርስ «ተመርምረሻል?» አትለኝም። «መቼ ነው የተመረመርሽው?» ነው የምትለኝ።